ከፖቶማክ እስከ ኦሃዮ፦ ራዳር የሚያዳምጠው ሳጥን

ወደ ቨርጂኒያ በሚያስገቡ አውራ ጎዳናዎች ዳር ለእንግዳ ግር የሚል ምልክት ቆሟል። ፍጥነት በራዳር እንደሚለካ ያስታውቅና ራዳሩን የሚጠቁም መሣሪያ መያዝ ክልክል መሆኑን ይጨምራል። «እለካሃለሁ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ስለካህ እንዳትሰማኝ» ማለት ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ሁለተኛው አዲስ ነው።

ምልክቱን ያሳየኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፤ ሥራው ዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ዘመድ ለመጠየቅ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ይወርዳል። ሦስቱን ቦታዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ማዳረስ ይቻላል፤ ሕጋቸው ግን ለየቅል ነው። ሜሪላንድ በግል መኪና ራዳር ዲቴክተር መያዝን ትፈቅዳለች። ዲሲ ትከለክላለች። ቨርጂኒያም ትከለክላለች፤ እንዲያውም ከ50ዎቹ ግዛቶች መካከል በማንኛውም መኪና ላይ እንዳይኖር ያገደች እሷ ብቻ ናት።

ልጁ ይህን መሣሪያ ለመግዛት ካሰበ ቆይቷል። ጥሩ የሚባለው ከ400 ዶላር ይጀምራል፤ 700 የሚያልፍም አለ። በዚያው ሰሞን ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ የዘመድ ሠርግ ነበረብንና 400 ማይል የሚያህለውን መንገድ በመኪና ለመሄድ ተነሣን። «ጋሼ፣ መንገዱ ረጅም ነው፤ ከመሄዳችን በፊት ልግዛው እንዴ?» አለኝ። ሠርጉ ይለፍና እንነጋገራለን አልኩት። ደርሶ መልሱን ግን ወሬያችን ይኸው ሆነ፤ እኔም የጠየቅሁትን፣ ያነበብሁትንና ያየሁትን እነሆ አስፍሬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሳጥኑ ምን ይሰማል?

ዲቴክተር ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ሳጥን ነው። የፊት መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ ኃይሉን ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ይወስዳል። ሆን ብሎ ምንም ነገር አይልክም፣ ምንም አይለካም። ሥራው ማዳመጥ ብቻ ነው።

የሚያዳምጠው የፖሊስን ራዳር ነው። ራዳሩ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ መኪና መትቶ ሲመለስ ድግግሞሹ ይለወጣል። የዚህን ለውጥ ሕግ በ1842 ያስረዳው ክርስቲያን ዶፕለር ነው፤ እሱ ያሰበው ስለ ከዋክብት ብርሃን ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1947፣ ኮኔቲከት ውስጥ ግላስተንበሪ በምትባል ከተማ ፖሊሶች መኪና ይለኩበት ጀመር። ዛሬ የአሜሪካ የፖሊስ ራዳሮች በሦስት መደብ ይሠራሉ፦ ኤክስ ባንድ 10.5 ጊጋኸርዝ ገደማ፣ ኬ ባንድ 24 ገደማ፣ ኬኤ ባንድ ደግሞ ከ33.4 እስከ 36 ጊጋኸርዝ። በኬ ባንድ ራዳር ፊት በሰዓት 65 ማይል፣ ማለትም 105 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጥ መኪና የሚያመጣው ለውጥ 4,680 ኸርዝ ያህል ነው። ይህ የሰው ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ስለሆነ ብዙዎቹ ራዳሮች ለፖሊሱ እንደ ፉጨት ያሰሙታል፤ መኪናው በፈጠነ ቁጥር ፉጨቱ ይቀጥናል።

ዲቴክተሩ ፖሊሱን የሚቀድመው በምን ተአምር ነው? በጨለማ ሜዳ ላይ ባትሪ እያበራ የሚፈልግህን ሰው አስብ። እሱ አንተን ለማየት ብርሃኑ ደርሶህ፣ ከአንተ ነጥሮ ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ መግባት አለበት፤ አንተ ግን የባትሪውን ጭላንጭል ገና ከሩቅ ታያለህ። የራዳር ሞገድም ሲሄድ ይዳከማል፤ ሲመለስ እንደገና ይዳከማል። ሳጥኑ የሚሰማው የመሄጃውን ብቻ ስለሆነ ይቀድማል። ሜዳ በሆነ አውራ ጎዳና ላይ፣ ፖሊሱ ራዳሩን ሳያጠፋ እያበራ ከተቀመጠ፣ ማስጠንቀቂያው ከአንድ ማይል በላይ ርቀት ላይ ሊመጣ ይችላል።

ነገሩ ሁሉ ያለው «ሳያጠፋ እያበራ ከተቀመጠ» በሚለው ላይ ነው። ልምድ ያለው ፖሊስ ራዳሩን አያበራም። የፈለገው መኪና እስኪቀርብ ይጠብቅና ቁልፉን ለቅጽበት ይጫናል፤ ቁጥሩን ያያል፤ ያጠፋል። ያኔ ሳጥኑ ሲጮህ ቁጥሩ ተነቧል። ሳጥኑ ሊያድንህ የሚችለው ከፊትህ ሌላ መኪና ሲለካ የተረፈው ሞገድ ከደረሰህ ነው፤ ሌሊት ብቻህን በባዶ መንገድ ስትነዳ ግን ከፊትህ የሚለካልህ ሰው የለም።

ፖሊስ ከራዳር ሌላ የሚለካበት ላይዘር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የላይዘር ጨረር በ300 ሜትር ርቀት ላይ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ፖሊሱ የሚያነጣጥረው ታርጋ ላይ ነው። ዲቴክተሩ ላይዘርን ይሰማል፤ የሚሰማው ግን ጨረሩ አንተው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። የሚነግርህ ሊለካህ መሆኑን አይደለም፣ መለካትህን ነው።

በካሜራ ከተማ

ከሠርጉ በፊት በነበረው ሳምንት ከልጁ ጋር ወደ ሥራው ደጋግሜ ሄድሁ። በየመንገዱ ያየሁት ፖሊስ ጥቂት ነው፤ ያየሁት ካሜራ ግን ብዙ ነው። ዲሲ የፍጥነት ካሜራ መትከል የጀመረችው በ2001 ነው። ከገደቡ በ11 ማይል ካለፍህ የ100 ዶላር ደብዳቤ ቤትህ ይመጣል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ገንዘቡም ይጨምራል። ሜሪላንድ ውስጥ ትምህርት ቤት አካባቢና መንገድ በሚሠራበት ቦታ ካሜራ አለ፤ የሚቀጣው ከገደቡ 12 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈን ነው። ለብዙ ዓመት ቅጣቱ 40 ዶላር ብቻ ነበር፤ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ግን እንደ ፍጥነቱ መጠን ከፍ እያለ ይሄዳል። የካሜራ ቅጣት መንጃ ፈቃድ ላይ ፖይንት የሚባለውን የጥፋት ነጥብ አይጥልም፤ ደብዳቤው ለመኪናው ባለቤት ነው የሚጻፈው።

አክስቴ ከነዚህ ደብዳቤዎች ጥቂት የማይባሉ ደርሰዋታል። ፎቶው ላይ መኪናዋ ከኋላ ጥርት ብላ ትታያለች። «እኔ ሰው መስሎኝ መንገድ ዳር የማየው፤ ለካ ሣጥን ነው» ትላለች። ልጇ ዲቴክተር ቢገዛ እሷም መኪናዋ ላይ የምትፈልግ ይመስላል።

ለአክስቴ ግን ዲቴክተሩ አይረዳትም። ካሜራው ራዳር ቢጠቀም እንኳ ሞገዱ ደካማና ወደ አንድ አጭር የመንገድ ቁራጭ ያነጣጠረ ነው፤ ዲቴክተሩ ቢሰማውም የሚሰማው ስትደርስበት ነው። በዚያ ላይ ካሜራው የሚደበቅ ነገር አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ካሜራ ያለበትን ቀጠና የሚናገር ሰሌዳ ይተከላል፤ ስልክ ላይ የሚጫነው የመንገድ መሪ መተግበሪያም ካሜራ ሲቀርብ ይናገራል። በየቀኑ የሚመላለስ ሹፌር የሚያልፍበትን ካሜራ ከሳጥን በፊት ራሱ ያውቀዋል። ስለዚህ የሲልቨር ስፕሪንግና የዲሲ ነዋሪ ቅጣት የሚያገኘው ሳጥኑ ጨርሶ ሊከላከልለት ከማይችለው አቅጣጫ ነው።

የሚያተርፈውን ጊዜም አስልተናል። 15 ማይል የሆነ መንገድ በ55 ፋንታ በ65 ቢነዳው የሚያገኘው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው፤ ያውም ቀይ መብራትና መጨናነቅ ከሌለ።

ወንዙን ሲሻገሩ

አሌክሳንድሪያ ስንሄድ ልጁ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሣ ይታወቃል። ቨርጂኒያ ውስጥ የፍጥነት ነገር ቀልድ አይደለም። ከገደቡ 20 ማይል ማለፍ፣ ወይም ገደቡ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ መንዳት የትራፊክ ጥፋት መሆኑ ቀርቶ በግድ የለሽነት መንዳት የሚባል ወንጀል ይሆናል። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። እስከ 2020 ድረስ መስመሩ 80 ነበር። ገደቡ 70 በሆነ አውራ ጎዳና ላይ በ86 የነዳ ሰው ያለፈው 16 ማይል ብቻ ሆኖ ሳለ ፍርድ ቤት ይቆማል።

ሰው ዲቴክተር በጣም የሚያስፈልገው እንዲህ ባለ ቦታ ነበር፤ የተከለከለውም በዚሁ ቦታ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ሳጥኑ ይሠራ አይሠራ ለማጣራት እንኳ አይጨነቅም፤ ከሳሹ ሳጥኑ በርቶ እንደነበር ማስረዳት አይጠበቅበትም። ከኃይል ምንጭ ተነቅሎ፣ ሹፌሩም ተሳፋሪውም እጃቸውን ዘርግተው ሊጠቀሙበት በማይችሉበት ቦታ ከተቀመጠ ግን ጥፋት የለም። ልጁ ሜሪላንድ ላይ በሕግ የገዛውን ዕቃ እሑድ እሑድ ድልድዩ ጋ ሲደርስ እየነቀለ ከኋላ ሊጭነው ነው ማለት ነው።

ፖሊሱ በምን ያውቃል የሚል ካለ መልሱ አስቂኝ ነው። ጥራት ያላቸው ዲቴክተሮች የሚሰሙትን ሞገድ ከራሳቸው ውስጥ ከሚያመነጩት ትንሽ ሞገድ ጋር አደባልቀው ነው የሚሠሩት፤ ያች ትንሽ ሞገድ ከሳጥኑ ሾልካ ትወጣለች። ፖሊሶች ያችን የሚሰማ መሣሪያ ያዙ፤ ከታወቁት አንዱ ቪጂ-2 ይባላል። የዲቴክተር ሠሪዎች በበኩላቸው ቪጂ-2ን የሚሰማና ቶሎ ራሱን የሚያጠፋ ሳጥን ሠሩ። ሰሚው ሰሚውን ሲሰማ፣ ያም መሰማቱን ሲሰማ፣ የሁሉንም ዋጋ የሚከፍለው ገዢው ነው።

ሌሎቹ ግዛቶች ለምን ፈቀዱ? በአሜሪካ ከ1934 ጀምሮ ባለው የመገናኛ ሕግ መንፈስ የሬዲዮ ሞገድ መቀበል በአመዛኙ ነፃ ነው፤ አየር ላይ የተለቀቀን ነገር መስማት አይከለከልም። የፖሊስን ራዳር የሚያውክ ሞገድ መልቀቅ ግን በፌዴራል ሕግ በሁሉም ግዛት ክልክል ነው። ጀርመን እንዲህ ያለ ልዩነት አታደርግም። እዚያ ሹፌሩ ሳጥኑን ቀርቶ ካሜራ የሚጠቁም የስልክ መተግበሪያ እየነዳ ቢጠቀም 75 ዩሮና አንድ ፖይንት ይጠብቀዋል። ፍራንክፈርት ያሉ ዘመዶቻችን የዲሲዎቹን ምክር ሰምተው እንዳይሳሳቱ።

ፔንሲልቬኒያ፦ ራዳር የሌለው ፖሊስ

ወደ ኦሃዮ የሚወስደው መንገድ ሜሪላንድን በሰሜን ምዕራብ ይለቅና ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ብሪዝዉድ የምትባል መንደር ላይ ይወጣል። ከአውራ ጎዳና ወደ አውራ ጎዳና የሚሻገር መኪና ሁሉ እዚህ ቀይ መብራት ላይ ይቆማል፤ ግራና ቀኙ ማደያና ምግብ ቤት ብቻ ነው። 75 ማይል ሲሮጥ የመጣውም 60 ሲነዳ የመጣውም እዚህ ተያይዘው ይቆማሉ። ልጁ ከሜሪላንዷ ፍሬድሪክ ከተማ ጀምሮ ሲቀድመን የነበረ ነጭ መኪና ከፊታችን ቆሞ አየና ሣቀ።

ፔንሲልቬኒያ ለዚህ ማስታወሻ የተለየ ነገር አላት። በዚች ግዛት ራዳር መጠቀም የሚችለው የግዛቱ ፖሊስ ብቻ ነው፤ የከተማና የቀበሌ ፖሊሶች ለረጅም ዓመታት ራዳር ተከልክለው ኖረዋል። ሕጉ ይቀየር የሚል ክርክር በየጊዜው ይነሣል። የከተማው ፖሊስ ታዲያ ምን ያደርጋል? መንገዱ ላይ ርቀታቸው የታወቀ ነጭ መስመሮች ይሰመራሉ፤ ፖሊሱ መኪናው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ የፈጀበትን ሰከንድ ይለካል፤ ርቀትን ለጊዜ ያካፍላል። እኔ አምስተኛ ክፍል የተማርሁት ሒሳብ ነው። ከዚህ ሒሳብ የሚወጣ ሞገድ ስለሌለ 700 ዶላር የወጣበት ሳጥን ነጭ መስመሩ ላይ ዝም ብሎ ያልፋል።

ኦሃዮም ነጭ መስመር አላት፤ እዚያ የሚቆጥረው ግን ከላይ በትንሽ አውሮፕላን የሚበር የግዛቱ ፖሊስ ነው። ከላይ ይለካል፣ ከታች ላለው ጓዱ በሬዲዮ ይነግራል። በተጨማሪ የትም አገር ያለው የድሮ ዘዴ አለ፦ ፖሊሱ ከኋላህ ተከትሎ የራሱን ፍጥነት መለኪያ ያነባል። ሳጥኑ ከነዚህ አንዱንም አይሰማም።

የሳጥኑ አገር

ጉዟችን ወደ ዲቴክተር የትውልድ አገር መሆኑን ያወቅሁት መንገድ ላይ ነው። ፈዝበስተር የተባለውና ስሙ በመላው አሜሪካ የታወቀው ሳጥን የኦሃዮ ሰው የዴል ስሚዝ ሥራ ነው፤ ያለ አግባብ በራዳር ተቀጣሁ ብሎ ተናዶ እንደሠራው ይነገራል። ገበያ ያመጣለት ግን ንዴቱ ሳይሆን ነዳጅ ነው። በ1973 የዐረብ አገሮች ነዳጅ ሲያቅቡ የአሜሪካ መንግሥት ፍጆታ ለመቀነስ በ1974 መጀመሪያ ላይ የአገሪቱን የፍጥነት ጣሪያ 55 ማይል አደረገው። ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ የለመደ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሕግ አፍራሽ ሆነ። የከባድ መኪና ነጂዎች በሬዲዮ እየተጠራሩ ፖሊስ ያለበትን ይነጋገሩ ጀመር፤ ሌላው ፈዝበስተር ገዛ። በ1978 ሲንሲናቲ ማይክሮዌቭ የተባለ ኩባንያ ኤስኮርት የሚባለውንና ከሩቅ የሚሰማውን ሳጥን አወጣ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ማይክ ቫለንታይን ተለይቶ ወጥቶ በ1992 ራዳሩ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ በቀስት የሚያሳየውን ቫለንታይን ዋን ሠራ። እሱም ኦሃዮ ነው። የ55 ማይሉ ሕግ በ1995 ተሻረ። ዛሬ እኛ በሄድንበት የኦሃዮ አውራ ጎዳና ገደቡ 70 ነው። ሳጥኑ የተወለደው ገደቡ ለመንገዱ ባልተገባበት ዘመን ነው፤ ገደቡ ከፍ ካለ በኋላም መሸጡን ቀጠለ።

ሠርጉ ላይ ሁለት ሰዎች አገኘሁ፤ ሁለቱም የመንገድ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ትራክ ይነዳል፤ ዳላስን፣ አትላንታንና ቺካጎን እንደ ጎረቤት ቤት የሚያውቅ ሰው ነው። ዲቴክተር አለህ ወይ ስለው ሣቀብኝ። «ወንድሜ፣ እኔ ጋ መኖሩ ራሱ ጥፋት ነው» አለ። ልክ ነው። ከ1994 ጀምሮ ክብደቱ ከ10,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ4,500 ኪሎ ገደማ በላይ በሆነ የንግድ መኪና ውስጥ ዲቴክተር በፌዴራል ደንብ ተከልክሏል፤ የትኛውም ግዛት ቢሆን። ሲዲኤል የሚባለውን የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ ለያዘ ሰው ደግሞ ከገደቡ በ15 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ ከባድ ጥፋት ተብሎ ይመዘገባል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተደገመ 60 ቀን፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ 120 ቀን ከሥራ ያስወጣል። «ለነገሩ የእኔ መኪና ከ65 አልፍም ብሎ የታሰረ ነው። በስንት እንደምሄድም ቢሮ ቁጭ ብለው ያዩኛል። ፖሊስ ሳይለካኝ እነሱ ለክተውኛል» አለኝ።

ሁለተኛው የሕክምና ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው። በግል መኪናው የኦሃዮን ገጠር ከሲንሲናቲ እስከ ክሊቭላንድ ያካልላል። የሱ መኪና ላይ ሳጥኑ ነበረ፤ እኔንና የአክስቴን ልጅ አሳፍሮ ከተማ ውስጥ ሲያዞረን የሳጥኑን ኑሮ አየነው። ሱፐርማርኬት አጠገብ ስናልፍ ጮኸ፤ ሰው ሲቀርብ በራሱ የሚከፈተው በር በኬ ባንድ ነው የሚሠራው። አንድ አዲስ መኪና በጎናችን ሲያልፍ ጮኸ፤ በጎን የሚመጣን መኪና ለሹፌሩ የሚያሳውቀው ራዳርም በብዙ መኪኖች 24 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። ውድ የሆኑት ሳጥኖች እነዚህን ለይተው ችላ እንዲሉ ተደርገው ይሠራሉ፤ ቦታውንም መዝግበው ሁለተኛ ሲያልፉ ዝም ይላሉ። የዋጋው ልዩነት ከመስማት ይልቅ ዝም ማለትን በማወቅ ላይ ነው። ርካሹ ሳጥን ሁሌ ይጮሃል፤ ሁሌ የሚጮህን ነገር ደግሞ ሹፌር መስማት ይተዋል።

«ዋጋውን አስመልሶልኛል» አለን ባለቤቱ። አምነዋለሁ። ሜዳና ቀጥ ያለ መንገድ፣ የሚፈቅድ ግዛት፣ ብዙ ሺህ ማይል፣ የግል መኪና፤ ሳጥኑ የተሠራው ለዚህ ሰው ነው። በስንት ነው የምትነዳው ብዬ ጠየቅሁት። ከገደቡ አምስት ማይል ብዙም አላልፍም አለ። ታዲያ ለምን ያዝኸው? «ቁልቁለት ላይ ሳላስበው መኪናው ሲሮጥብኝ ያስታውሰኛል። ሲጮህ አልፈራም፤ ዝም ሲል ነው የምፈራው። ላይዘር ይዞ ድልድይ ላይ የቆመ ካለ ይህ ሳጥን አያውቀውም።» የሳጥኑን ወሰን ከሻጩ በተሻለ የሚያውቀው ይህ ሰው ነው።

መብራት የሚያበራ አገር

ስንመለስ ልጁ የኛ አገር ሹፌሮች ምን እንደሚያደርጉ ጠየቀኝ። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2014 ሲከፈት ጣሪያው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ትራፊክ ፖሊሶችም ራዳር ይዘው ይቆማሉ። የኛ ዲቴክተር ሰው ነው። በየአገር አቋራጩ መንገድ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ብልጭ ካደረገ «ትራፊክ አለ» ማለቱ ነው፤ የተነገረውም ሰው ቀጥሎ ለሚመጣው ያስተላልፋል። አሜሪካ ውስጥም ይህ ልማድ አለ። ሚዙሪ ውስጥ እንዲህ አድርጎ የተከሰሰ ሹፌር ፍርድ ቤት ሄዶ፣ በ2014 የፌዴራል ዳኛ መብራት ማብራት በሕገ መንግሥቱ ከለላ ያለው ንግግር ነው ሲሉ ወስነዋል።

ሞገድ የማይሰማ፣ ከሰው የሚሰማ ዘዴ አሁን በስልክ መጥቷል። እስራኤል ውስጥ የተፈጠረውንና ጉግል በ2013 የገዛውን ዌዝ ልጁ ይጠቀማል። ከፊት ያለፈ ሹፌር ፖሊስ አየሁ ብሎ ይጫናል፤ ለኋለኛው ይደርሰዋል። ላይዘር ይሁን አውሮፕላን የሚቆጥረው ወይም ነጭ መስመር፣ ፖሊሱ በምን እንደሚለካ ሰውየው ግድ የለውም፤ ቆሞ አየው፣ አለቀ። ቨርጂኒያም አልከለከለችውም። ዋጋ የለውም፤ ድልድይ ላይ አይነቀልም። ድካሙ አንድ ነው፤ ከፊት የሚሄድ ሰው ከሌለ የሚናገር የለም፤ ስለዚህ ሌሊት በባዶ ገጠር ሳጥኑ ይሻለዋል። የአክስቴ ልጅ ግን ባዶ ገጠር ውስጥ ሌሊት የሚነዳው ለሠርግ ሲጠራ ብቻ ነው።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንቃረብ ሒሳቡን ጨርሰን ነበር። 400 ማይሉን በ65 ብንነዳው ስድስት ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ፣ በ75 ከሆነ አምስት ሰዓት ከሃያ፤ ልዩነቱ 49 ደቂቃ ነው፤ እሱም ብሪዝዉድንና ማደያውን ሳንቆጥር። ለዚች 49 ደቂቃ መኪናው ተሸክሞት የሚሄደው ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል፤ የሚጋጭ ነገር ከመጣ የሚፈስሰው ይኸው ጉልበት ነው። በ2022 በአሜሪካ መንገዶች ፍጥነት ባለበት አደጋ የሞቱት 12,151 ሰዎች ናቸው። የትኛውም ሳጥን ከዚህ አያስጠነቅቅም፤ ከፖሊስ ብቻ ነው የሚያስጠነቅቀው።

በመንገድ ያገኘሁትን ሁሉ ሳገጣጥመው ነገሩ እንዲህ ነው። ሳጥኑ በጣም የሚጠቅመው ትራክ ነጂ ተከልክሏል። ቅጣት የሚከብድባት ቨርጂኒያ ከልክላለች። የተፈቀደለት የከተማ ሹፌር ደግሞ ቅጣቱ የሚመጣው ከካሜራ ነው። ከነዚህ መካከል የተረፈው ያ የሕክምና ዕቃ ሻጭና መሰሎቹ ናቸው፤ እነሱም ሳጥኑን የሚፈልጉት ለመሮጥ አይደለም፣ ላለመዘናጋት ነው።

ለልጁ ያልሁት ይህን ነው። በምትኖርበትና በምትሠራበት ቦታ 500 ዶላርህ ከንቱ ይቀራል፤ መኪናህ ላይ ፍጥነት የሚያስር ክሩዝ ኮንትሮል አለ፣ ተከፍሎበታል፤ ለከተማው ስልክህ ይበቃል። ሥራህ ወደ ኦሃዮ ከተዛወረና በየሳምንቱ ገጠር የምታካልል ከሆነ ግዛው፤ ከመግዛትህ በፊት ግን ሳጥኑ ባይኖር በስንት ትነዳ እንደነበር ለራስህ መልስ። ሳጥኑ ካለም ከሌለም ፍጥነትህ አንድ ከሆነ ጥሩ አስታዋሽ ገዝተሃል። ሳጥኑ ስላለ የምትጨምር ከሆነ ግን ላይዘሩም፣ ነጭ መስመሩም፣ አውሮፕላኑም የሚጠብቁት አንተን ነው፤ ያን ጊዜ ሳጥኑ ከዋጋው በላይ ያስወጣሃል።

«እማዬስ?» አለኝ። ለእሷ መፍትሔው ከአሁን በፊት ተነግሯታል፤ የትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ነው።